ያውቁ ኖሯል? — ባለ ባንጆው ፒት ሲገር

በ2024 የወጣውን የቦብ ዲላን ፊልም፣ «ኤ ኮምፕሊት አንኖውን»ን ያየ ሰው ኤድዋርድ ኖርተን የሚጫወተውን ቀጭን ባለ ባንጆ ሳያስተውለው አያልፍም። ኖርተን በዚህ ሚና ለኦስካር ታጭቷል። ሰውዬው ፒት ሲገር ነው፤ የአሜሪካ የባህል ዘፈን አንጋፋ፣ ዜማ ደራሲ፣ የባንጆ አስተማሪ፣ የፖለቲከኞች ራስ ምታት። ፊልሙ ከዕድሜው ጥቂት ዓመት ብቻ ቆንጥሮ ስለሚያሳይ የተረፈውን እኛ እንሞክረው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

◆ ሲገር የገጠር ዘፈን ይዝፈን እንጂ የገጠር ልጅ እንዳልነበረ ያውቁ ኖሯል? ሜይ 3 ቀን 1919 ኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቻርልስ ሲገር በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ሲያስተምሩ አንደኛውን የዓለም ጦርነት በመቃወማቸው ሥራቸውን ያጡ ምሁር ናቸው። እናቱ ኮንስታንስ የቫዮሊን ባለሙያ ነበሩ። እንጀራ እናቱ ሩት ክሮፎርድ ደግሞ በ1930 የጉገንሃይም ድጎማ በሙዚቃ ድርሰት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ከእሳቸው የተወለዱት ማይክና ፔጊም ስመ ጥር የባህል ዘፋኞች ሆነዋል። በዚህ ሁሉ ቫዮሊንና ፒያኖ መካከል ያደገው ፒት ግን አራት ክር ያላትን ትንሿን ዩኩሌሌ ነበር የመረጠው።

◆ የአባቱ ወንድም አለን ሲገር በፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር ውስጥ ተመዝግቦ ጁላይ 4 ቀን 1916 ሶም ግንባር ላይ የወደቀ ገጣሚ ነው። ከሞት ጋር ስላለው ቀጠሮ የጻፈው ግጥም የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተወዳጅ ነበር። ነገር ሲገጣጠም ደግሞ ኬኔዲና ፒት ሲገር ሁለቱም በ1936 ሃርቫርድ የገቡ የአንድ ባች ተማሪዎች ናቸው። አንደኛው ዋይት ሃውስ ገባ። ሌላኛው በሁለተኛ ዓመቱ ነጥቡ ወርዶ የትምህርት ድጎማውን ሲያጣ ሁሉንም ጥሎ ወጣ።

◆ ባንጆን ከነጭ ገበሬና ከካውቦይ ጋር አያይዘው ያውቁት ይሆናል። ትውልዱ ግን አፍሪካዊ ነው። በባርነት የተጋዙ ምዕራብ አፍሪካውያን በአገራቸው ከቅልና ከቆዳ ይሠሩት የነበረውን ባለ ክር መሣሪያ በካሪቢያንና በሰሜን አሜሪካ እንደገና አበጁት። በሴኔጋልና በጋምቢያ አካባቢ የጆላ ሕዝብ የሚጫወተው አኮንቲንግ ዛሬም የባንጆ የቅርብ ዘመድ ነው። ሲገር ባለ አምስት ክሩን ባንጆ ከልቡ ያዳመጠው በ1936፣ ከአባቱ ጋር ወደ ሰሜን ካሮላይና ወርዶ አሽቪል ከተማ በተካሄደ የተራራ ሰዎች የዘፈንና የጭፈራ ፌስቲቫል ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ልቡ ከባንጆ አልተነቀለም።

◆ ባንጆው ለድምፁ አልመች ሲለው ድምፁን ሳይሆን ባንጆውን ለወጠ፤ አንገቱ ላይ ሦስት ፍሬት፣ ማለትም ክሩ በጣት የሚጫንበት የብረት መስመር፣ አስጨምሮ አስረዘመው። በ1960ዎቹ ፋብሪካ ያመርተው የነበረው ባለ ረጅም አንገት ባንጆ የእሱ ፈጠራ ነው። የባንጆ ማስተማሪያ መጽሐፉንም በ1948 ራሱ በስቴንስል አባዝቶ ነበር ያወጣው።

◆ ሃርቫርድን ከለቀቀ በኋላ ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሳምንት 15 ዶላር ተቀጠረ። ሥራው? ከባህል ዘፈን ሰብሳቢው ከአለን ሎማክስ ሥር ሆኖ ሸክላ እያዳመጠ ደህና ደህናውን መለየት። እንዲህ ያለ ሥራ ቢገኝ እኔም 15 ዶላሩን አልንቅም።

◆ ማርች 3 ቀን 1940 ኒውዮርክ ውስጥ ለተፈናቀሉ ገበሬዎች መርጃ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ከዘፋኙ ከዉዲ ጋትሪ ጋር ተዋወቀ። በዚያው ዓመት ሁለቱ በመኪና ወደ ኦክላሆማና ቴክሳስ ወረዱ። የምሁር ልጅ የሆነው ሲገር የጭነት ባቡር ላይ መንጠልጠልን፣ በየመጠጥ ቤቱ ዘፍኖ ሳንቲም መለቃቀምን ከጋትሪ ተማረ፤ በእኛ አገር ቋንቋ አዝማሪነትን ተማረ ማለት ነው። የጋትሪ ጊታር ላይ መሣሪያው ፋሺስት እንደሚገድል የሚናገር ጽሑፍ ነበር። ሲገር ሐሳቡን ተዋሰና አለዘበው፤ በእሱ ባንጆ ቆዳ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ መሣሪያው ጥላቻን ከብቦ እጅ እንደሚያሰጥ ይናገራል።

◆ ስለ ባለቤቱ ስለ ቶሺስ ያውቁ ኖሯል? የቶሺ ኦታ አባት ጃፓናዊ፣ እናቷ አሜሪካዊት፣ የተወለደችው ሙኒክ ጀርመን ነው። ጁላይ 20 ቀን 1943 ሲጋቡ ሙሽራው የአሜሪካ ወታደር ነበር፣ አገሩም ከጃፓን ጋር እየተዋጋች። እሱ ባንጆውን አንግቶ ሲዞር ቀጠሮውን የምትይዘው፣ ሒሳቡን የምታስተካክለው፣ መብራትም ቧንቧም በሌለበት ቤት ልጆቹን የምታሳድገው ቶሺ ነበረች። በ1965 እና በ1966 በአንድ ትንሽ የኒው ጀርሲ የቴሌቪዥን ጣቢያ «ሬይንቦ ክዌስት» የተባለ የ39 ክፍል ፕሮግራም ሲሠሩ የዳይሬክተርነቱን ሥራ የያዘችው እሷ ነች። በስም ዝርዝሩ ላይ የወጣላት ማዕረግ ግን «ዋና ወጥ ሠሪና ጠርሙስ አጣቢ» የሚል ነበር። ቀልድ ነው ይባላል፤ የሚያስቀውን ያህል ግን እውነትም ነበረበት። ቶሺ ጁላይ 9 ቀን 2013፣ ሰባኛው የጋብቻ በዓላቸው 11 ቀን ሲቀረው አረፈች።

◆ በ1948 ሲገር፣ ሊ ሄይስ፣ ሮኒ ጊልበርትና ፍሬድ ሄለርማን «ዘ ዊቨርስ» የተባለ ቡድን አቋቋሙ፤ «ሸማኔዎቹ» ማለት ነው፣ ስሙ የተወሰደው ጀርመናዊው ጌርሃርት ሃውፕትማን ስለ ሸማኔዎች አመፅ ከጻፈው ቴአትር ነው። በ1950 «ጉድ ናይት አይሪን» የተባለው ዘፈናቸው 13 ሳምንት ሙሉ የአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ዘፈኑን ያገኙት አለን ሎማክስና አባቱ ሉዊዚያና እስር ቤት ውስጥ ድምፁን ከቀዱት ከጥቁሩ ዘፋኝ ከሊድ ቤሊ ነበር። ሊድ ቤሊ ግን ይህን ቀን አላየም። ዘፈኑ አገር ምድሩን ሲያጥለቀልቀው እሱ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

◆ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1949፣ ፒክስኪል በምትባል የኒውዮርክ ከተማ አጠገብ የታላቁ ጥቁር ድምፃዊ የፖል ሮብሰን ኮንሰርት ሲያበቃ መንገድ ዳር አድፍጠው የቆዩ ሰዎች በታዳሚው መኪና ሁሉ ላይ የድንጋይ ናዳ አወረዱ። የሲገር መኪና ውስጥ ሚስቱና ሕፃናት ልጆቹ ነበሩ፤ መስታወቱ ረገፈ። እሱ መኪናው ውስጥ ያገኛቸውን ድንጋዮች አልጣላቸውም። በዚያ ሰሞን ቢከን ከተማ አቅራቢያ በገዛ እጁ ለሚሠራው የግንድ ቤት የምድጃ ግንብ አደረጋቸው።

◆ ኦገስት 18 ቀን 1955 በኮሙኒስትነት ተጠርጥሮ «ፀረ አሜሪካ እንቅስቃሴዎችን» የሚመረምረው የኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ያን ጊዜ ለሚጠየቅ ሰው ሁለት የተለመዱ መውጫዎች ነበሩት፤ የጓደኞቹን ስም መቁጠር፣ ወይም በሕገ መንግሥቱ አምስተኛ ማሻሻያ ተከልሎ በራሴ ላይ አልመሰክርም ማለት። ሲገር ሁለቱንም አልፈለገም። ስለ እምነቱና ስለ ፖለቲካው፣ የትኛውን ፓርቲ እንደመረጠም አሜሪካዊን እንዲህ አስገድዶ መጠየቅ ነውር ነው አለ። ስለ ዘፈኖቹ ግን የፈለጉትን ሊያወራቸው፣ ከወደዱም ሊዘፍንላቸው ፈቃደኛ ነበር። ኮሚቴው ዘፈኖቹ የትና ለማን እንደተዘፈኑ እንጂ ዜማቸውን ሊሰማ አልፈለገም።

በ1957 ኮንግረስን በመድፈር በአሥር ክስ ተከሰሰ። በ1961 የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሜይ 1962 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የክሱ አጻጻፍ ጉድለት አለበት ብሎ ፍርዱን ሻረው። ሰባት ዓመት ገደማ በራሱ ላይ የተንጠለጠለ ነገር በአጻጻፍ ስህተት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ብንዘል፣ በ1994 ያው ዋሽንግተን ከፍተኛውን የኪነ ጥበብ ሜዳሊያና የኬኔዲ ማዕከልን ክብር በአንድ ዓመት ደርቦ ሰጠው።

◆ በዚሁ ጥርጣሬ ከትልልቆቹ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለ17 ዓመት ታግዶ እንጀራውን በምን በላ? በየኮሌጁ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱና በልጆች የክረምት ካምፖች እየዘፈነ። ከሳሾቹ ያላሰቡት እዚህ ላይ ነው። ከቴሌቪዥን ያባረሩት ሰው በአሜሪካ ወጣቶች መካከል እየዞረ ዘፈን ሲያስተምር ከረመ። በ1954 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲዘፍን ካዳመጡት መካከል አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ የኋላዋ ዘፋኝ ጆን ባኤዝ። መድረክ ላይ ደግሞ ብቻውን መዝፈን አይወድም ነበር። ግጥሙን መስመር በመስመር አስቀድሞ ለሕዝቡ ይነግራል፣ ከዚያ አዳራሹ ይቀበለዋል። «ተቀበል» እየተባለ ላደገ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ትኬት ገዝቶ ዝም ብሎ ለመቀመጥ ለመጣ አሜሪካዊ ግን ድንጋጤ ነበር።

◆ ዘ ዊቨርስ ሥራ ሲያጡ በ1952 ተበትነው በ1955 የገና ዋዜማ ካርኔጊ አዳራሽን ሞልተው ተመለሱ። ሲገር በ1958 ቡድኑን የለቀቀው በመንግሥት ግፊት አልነበረም። ጓደኞቹ ለሲጋራ ማስታወቂያ ለመዝፈን በመስማማታቸው ነው።

◆ «አበቦቹ ሁሉ የት ሄዱ» የሚለውን ዘፈን የጻፈው በ1955 ኦሃዮ ወደሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ ሲበር አውሮፕላን ውስጥ ነው። መነሻው ሩሲያዊው ሚካኢል ሾሎኮቭ ስለ ዶን ኮሳኮች በጻፈው ልብወለድ ውስጥ ያነበበው የእናቶች እሹሩሩ ነበር። ሲገር የጻፈው ሦስት ስንኝ ብቻ ነው። የቀረውን ጆ ሂከርሰን የተባለ ወጣት ጨመረበትና ዘፈኑ ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥም ሆነ። ሲገርም ከገቢው 20 በመቶው ለሂከርሰን እንዲሆን አደረገ። ዘፋኟ ማርሌና ዲትሪሽ ይህንኑ በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ዘፍናዋለች።

◆ በአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ ከወጡት ግጥሞች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠውስ የማን ይመስልዎታል? የጠቢቡ የሰሎሞን። አሳታሚው ለሲገር፣ እነዚህ የተቃውሞ ዘፈኖችህ አይሸጡምና ሌላ ነገር ስጠን ብሎ ይጽፍለታል። ሲገር ተናደደ፤ መጽሐፈ መክብብን ገልጦ ከምዕራፍ ሦስት ስለ ጊዜ የሚናገረውን ክፍል ወሰደ፣ ከራሱ ጥቂት ቃላት ብቻ ጨምሮ ዜማ ሰጠው። ዘ በርድስ የተባሉ ወጣቶች በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውተውት ዲሴምበር 1965 አንደኛ አወጡት። አሳታሚው የጠየቀው የሚሸጥ ዘፈን ነበር፤ አገኘ። ሲገርም ከዚህ ዘፈን ገቢው 45 በመቶውን የፍልስጤማውያን ቤቶች መፍረስን ለሚቃወም አንድ የእስራኤል ኮሚቴ ሰጥቷል። ግጥሙ ከዚያው ምድር የመጣ ነውና።

◆ አሁን ደግሞ የማያስመሰግነው። በ1939 ጆሃንስበርግ ውስጥ ሰለሞን ሊንዳ የተባለ ዙሉ ድምፃዊ «ምቡቤ»፣ አንበሳው፣ የተሰኘ ዘፈን ቀዳ። ለዚህ የተከፈለው 10 ሺሊንግ እንደነበር ይነገራል። ሸክላው በሎማክስ በኩል ሲገር እጅ ገባ። ሲገር ዙሉኛ አያውቅም፤ ተቀባዮቹ የሚሉትን «ዊሞዌ» ብሎ ሰማውና ዘ ዊቨርስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዚያው ስም አወጡት። በ1961 ሌሎች የእንግሊዝኛ ግጥም ጨምረውበት ዓለምን አዞረ። «ላየን ኪንግ» ፊልም ላይ ሳይቀር ተዘፈነ። ሊንዳ ግን በ1962 ድሃ እንደነበረ ሞተ።

ሲገር አንድ ጊዜ 1000 ዶላር እንዲላክለት አድርጎ፣ ገቢውም ለባለ ዘፈኑ እንዲደርስ ለአሳታሚው ነግሮ ነበር። ነግሮ ግን አልተከታተለም። በኋላ ተጸጽቷል። የሊንዳ ልጆች በፍርድ ቤት ተሟግተው በስምምነት ገንዘብ ያገኙት በ2006 ነው። ለሂከርሰን ሁለት ስንኝ 20 በመቶ የቆጠረ እጅ ለጆሃንስበርጉ ሰው አለመቁጠሩ እኔን ያንገበግበኛል። ክፋት አይመስለኝም። የባህል ዘፈን ባለቤት የለውም የሚለው እምነቱ ባለቤቱ በሕይወት እንዳለ አስረሳው እንጂ።

◆ የጥቁር አሜሪካውያን የነፃነት ትግል መዝሙር የሆነውን «እናሸንፋለን»ን ሲገር እንዳልደረሰው ያውቁ ኖሯል? ግጥሙ በ1900 አካባቢ ጥቁሩ ቄስ ቻርልስ ቲንድሊ ከጻፉት መዝሙር ጋር ይዛመዳል ይባላል። በ1945 እና 46 የብርድ ወራት በደቡብ ካሮላይናዋ ቻርልስተን ሥራ ያቆሙ የትምባሆ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች እየዘመሩት ቆይተው ቴነሲ ውስጥ ወደሚገኘው ሃይላንደር ትምህርት ቤት ይዘውት መጡ። እዚያ ታስተምር የነበረችው ዚልፊያ ሆርተን ያዘችው፤ በ1947 ለሲገር አስተማረችው። ሲገር ሃይላንደር 25ኛ ዓመቱን ባከበረ ጊዜ፣ በ1957፣ ከእንግዶቹ አንዱ በነበሩት በማርቲን ሉተር ኪንግ ፊት ዘፈነው። ኪንግ ከስብሰባው ወጥተው በመኪና ሲሄዱ ዜማው ከአእምሯቸው አልወጣ እንዳላቸው አብረዋቸው ለነበሩት ተናግረዋል። በ1960 ዘፋኙ ጋይ ካራዋን ለወጣት ታጋዮች አስተማረው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዓለም ያውቀዋል።

የባለቤትነት መብቱ በአራት ሰዎች ስም ተመዘገበ፣ ሲገር አንዱ ነው። ገቢው ግን ወደ ኪሳቸው አልገባም፤ በደቡብ የሚገኙ ጥቁሮችን ለሚረዳ በሃይላንደር ሥር ላለ ፈንድ እንዲውል ተደረገ። በ2018 በፍርድ ቤት ክርክር መጨረሻ ዘፈኑ የሕዝብ ሆኗል፤ ዛሬ ማንም ሳያስፈቅድ ሊዘፍነው ይችላል።

◆ «ጓንታናሜራ»ን ለዓለም ጆሮ ያደረሰው ሲገር ነው። የኩባውን አርበኛ የሆሴ ማርቲን ግጥም ከዜማው ጋር የሰማው ኒውዮርክ አካባቢ ባለ የልጆች ካምፕ ውስጥ ከሚሠራ ኩባዊ ተማሪ ነበር፤ ጁን 8 ቀን 1963 ካርኔጊ አዳራሽ ዘፈነው።

◆ አሜሪካኖች ቅኔ አያውቁም ያለ ማን ነው? ሲገር በ1967 የጻፈው አንድ ዘፈን በ1942 ሉዊዚያና ውስጥ ልምምድ ላይ ስላሉ ወታደሮች ይተርካል። ሻምበሉ ወንዝ እንዲሻገሩ ያዛል፤ ጥልቀቱ ይጨምራል፤ ሃምሳ አለቃው እንመለስ ይላል፤ አለቃው ግን ወደ ፊት። ሰሙ ይህ ነው። ወርቁን ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ሳይቸገር ፈታው፤ ወንዙ ቬትናም፣ አዛዡ ፕሬዚዳንት ጆንሰን። ሴፕቴምበር 1967 የስመዘርስ ወንድማማቾች ፕሮግራም ሲገርን ከዓመታት እገዳ በኋላ ሲያቀርበው ጣቢያው ያንን ዘፈን ቆርጦ አስቀረ። ወንድማማቾቹ በየጋዜጣው ጮኹ፣ ፌብሩዋሪ 1968 ሲገር ተመልሶ ቀረበና ሙሉውን ዘፈነው። ያ ወር የቬትናም ጦርነት ክፉኛ የተፋፋመበት ነበር። ያልተቆረጠ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሰው ይሰማው ነበር ብዬ አላስብም።

◆ ጁላይ 25 ቀን 1965 ኒውፖርት ፌስቲቫል ላይ ቦብ ዲላን በኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወት ሲገር በመጥረቢያ ገመዱን ሊቆርጥ ሮጠ የሚለውን ሰምተው ይሆናል። መጥረቢያ አልያዘም። መጥረቢያ ቢኖረኝ እቆርጠው ነበር ብሏል፣ ምክንያቱንም ድምፁ ተበላሽቶ ግጥሙ አልሰማ ስላለው እንደሆነ አስረድቷል። ወሬ ግን ከመጥረቢያ ጋር ሲሆን ይጥማል፤ በዚያ ላይ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን እንጨት ሲፈልጥ የኖረ ነው።

◆ ከሲገር ሥራዎች ትልቁ ዘፈን ላይሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ቤቱ የተሠራው ሀድሰን ወንዝን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። በ1960ዎቹ ሀድሰን የከተሞች ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ መጣያ ነበር። ሲገር በ1966 ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ሐሳብ አመጣ፤ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ወንዙ ላይ ይመላለሱ የነበሩትን ዓይነት ባለ ሸራ የእንጨት መርከብ እንሥራ፣ ሰው መርከቧን ሊያይ ሲመጣ ወንዙን ያያል። ብዙዎች ሳቁበት። ወንዝ በመርከብ ይጸዳል? ገንዘቡ ግን በኮንሰርት ተለቃቀመ። «ክሊርዋተር» የተባለችው 32 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት መርከብ ሜይ 1969 ሜይን ውስጥ ውሃ ላይ ወረደች፤ ከመርከበኞቿ ብዙዎቹ ዘፋኞች ነበሩ፣ በየወደቡ እየዘፈኑ ነበር ወደ ኒውዮርክ የመጡት። በ1970 ዋሽንግተን ድረስ ሄዳ ስለ ወንዞች ለሕግ አውጪዎች አስረዳች። በ1972 የአሜሪካ የንጹህ ውሃ ሕግ ወጣ። ሕጉ የእሷ ብቻ ውጤት አይደለም፤ ግን ከገፋፉት አንዷ ነች።

መርከቧ በየዓመቱ የትምህርት ቤት ልጆችን እየጫነች ዓሣውንና ደለሉን ስታሳይ ኖራለች። በ2004 በአገሪቱ የታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ያኔ ማንም እግሩን የማይነክርበት ወንዝ ዛሬ በብዙ ቦታው ይዋኝበታል።

◆ ቅዱስ ግን አልነበረም። ከ1942 ጀምሮ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆኖ በ1950 አካባቢ ተለየ። ከዚያም በፊት በ1941 «አልማናክ ሲንገርስ» ከተባለ ቡድኑ ጋር አሜሪካ ጦርነት እንዳትገባ የሚሰብክ አልበም አወጡ፤ ወዲያው ሂትለር ሶቪየት ኅብረትን ሲወርር ሸክላውን ከገበያ ሰብስበው ለጦርነቱ መዝፈን ያዙ። ይህን መገለባበጥ ጠላቶቹ አልረሱለትም፤ መርሳትም አልነበረባቸውም። ስታሊን ጨካኝ መሆኑን ቀደም ብሎ ባለማየቱ በኋላ በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቋል። በ2007፣ በ88 ዓመቱ፣ ስታሊንን የሚወቅስ ዘፈን ጻፈ። ዘግይቷል ያለ ሰው አልተሳሳተም።

◆ «አቢዮዮ» የተባለው የልጆች ተረቱ መነሻ የደቡብ አፍሪካ እሹሩሩ ነው። ልጆቹን ለማስተኛት ያወራው ነበር፤ አንድ ልጅና አባቱ አንዱን ግዙፍ ሰው በላ በዘፈን አስጨፍረው ሲያደክሙት። በ1986 መጽሐፍ ሆነ።

◆ ጃንዩዋሪ 18 ቀን 2009፣ ኦባማ ሊሾም ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የሊንከን ሐውልት ፊት ለፊት የጋትሪን «ይህች ምድር ያንተ ናት» ከብሩስ ስፕሪንግስቲንና ከልጅ ልጁ ጋር ዘፈነ። ትምህርት ቤቶች የሚዘሏቸውን፣ ስለ ረሃብና ስለ ግል መሬት አጥር የሚናገሩትን ስንኞች ሳይተው። ኦክቶበር 2011፣ በ92 ዓመቱ፣ ዎል ስትሪትን ከሚቃወሙ ሰልፈኞች ጋር ሁለት ምርኩዝ ተደግፎ በማንሃታን ብሮድዌይ ላይ በሌሊት ተጓዘ። ከመሞቱ አሥር ቀን በፊት እንኳ እንጨት ሲፈልጥ እንደነበር የልጅ ልጁ ተናግሯል። ጃንዩዋሪ 26 ቀን 2014 የግራሚ ሽልማት ሲሰጥ በንግግር ቅጂ ዘርፍ ታጭቶ ነበር፤ አላሸነፈም። በማግስቱ በ94 ዓመቱ አረፈ።

◆ ኤፍቢአይ በሲገር ላይ የያዘው ፋይል ወደ 1800 ገጽ ይጠጋል። የመጀመሪያው ገጽ በምን ምክንያት እንደተከፈተ ያውቁ ኖሯል? በ1942 ወታደሩ ሲገር ለካሊፎርኒያ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አንድ ደብዳቤ በፖስታ ላከ። ማኅበሩ ጃፓናውያን፣ ዜጋ የሆኑት ሳይቀሩ፣ ከአሜሪካ እንዲባረሩ መጠየቁን አንብቦ ተበሳጭቶ ነበር። ያን ጊዜ ቶሺ እጮኛው ነች። ደብዳቤው ከማኅበሩ ወደ ኤፍቢአይ ተሻገረ፤ ሰላዮች የትምህርት ቤት መዝገቡን አገላበጡ፣ የቶሺንም ታሪክ አጠኑ፣ ክትትሉ እስከ 1970ዎቹ ዘለቀ። በ2022 የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ቴምብር አወጣ። ቴምብሩ ላይ ያለው ባንጆ የሚመታ ሰው ሲገር ነው፤ ፎቶውን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያነሣው ልጁ ዳን ነው።